መዳፏን የማትዘጋው ሐያት

ባለፈው ሳምንት አንድ ካሚዮን ብርድ ልብስ ጭኖ መጋዘናችን መጣ። አውራጆቹ አወረዱ፣ እኔ ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ። ልክ የታዘዘውን ያህል ነው፤ አልጎደለም፣ አልተረፈም። የመጋዘን ሰው እንዲህ ባለ ቀን ደስ ሊለው ይገባል። እኔ ግን ባዶውን ካሚዮን ውስጥ ውስጡን ሳይ ሾፌሩ የጠፋ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። የጠፋ ነገር የለም አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ሐያት የለችም።

ሐያት ሰይድ ቃሊቲ ባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ ሚሽን፣ ግዢ ክፍል ውስጥ አንድ ዓመት በበጎ ፈቃደኝነት ያገለገለች ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ብዙም ሳትቆይ ነው የመጣችው። ሥራዋ በወረቀት ላይ "የግዢ ድጋፍ" ይባላል። ወደ እኛ ቋንቋ ስንመልሰው፣ ከነጋዴ ፕሮፎርማ መሰብሰብ፣ ዋጋ ማወዳደር፣ ናሙና ተሸክሞ መምጣትና ዕቃው እስኪገባ ድረስ ሻጩን በስልክ መነዝነዝ ነው። ደመወዝ የለውም፤ የታክሲና የምሳ ብቻ ይሰጣታል። እኔ ታዬ እባላለሁ፣ የዚያው ሚሽን የመጋዘን ኃላፊ ነኝ። ግዢ ክፍል የገዛውን ቆጥሬ፣ ፈርሜ አስገባለሁ። አባቴም አቃቂ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ሲቆጥሩ ነው ያረጁት፤ ጆሮዬ ላይ እርሳስ መሰካትን የወረስኩት ከሳቸው ነው። ሰው ችኮ ይለኛል። ችኮ ነኝ፣ ምን ይደረጋል።

በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት ነጋዴዎች የጀሪካን ናሙና ላኩልን። ከዚያ በፊት ናሙና ሲመጣ የምናደርገው ክዳኑን ከፍተን መዝጋት ነበር፤ ከዚያም ጥሩ ነው ብለን እንፈርማለን። ሐያት ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ውሃ ሞላቻቸው፣ ገልብጣ ተቀመጠችባቸው፣ ከዚያ እያንዳንዱን ተሸክማ ከግቢው በር እስከ መጋዘኑ፣ ከመጋዘኑ እስከ በሩ ተመላለሰች። ጥበቃው ልጅቷ ተቀጥታ መስሎት ምን አጥፍታ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ስትጨርስ መጥታ ቀይ መስመር የወጣበትን መዳፏን አሳየችኝ። በጣም ርካሹ ጀሪካን እጀታው እጅ ይቆርጣል፤ ውሃ ቀጂዋ ደግሞ ከቧንቧ እስከ ቤቷ ከእኔ የበለጠ ነው የምትሄደው አለችኝ። እውነቷን ነበር። የዚያን ቀን ወደድኳት፣ አልነገርኳትም እንጂ።

ያቺን መዳፏን ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አየኋት። ዋጋ ተቆርጦ፣ ውል ተፈርሞ፣ ነጋዴው እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ ሲመልስ፣ ሐያት ቀኝ እጇን ዘርግታ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ፈገግ ብላ ታየዋለች። ነጋዴው መጀመሪያ ግራ ይገባዋል፣ ቀጥሎ ይስቃል፣ መጨረሻ ላይ እሺ እመርቃለሁ ይላል። ምርቃት ጠየቀችው ማለት ነው። ሽንኩርት ተመዝኖ ካለቀ በኋላ ሻጯ ከላይ ጣል የምታደርጋት አንዲት ራስ፣ ሙዝ ተቆጥሮ ካበቃ በኋላ የምትጨመረው አንዷ፣ ምርቃት እሷ ናት። ያለ ምርቃት ዘንቢሏን አንስታ የምትሄድ እናት በአገራችን የለችም። ግን ጉሊት ሌላ፣ ሚሽን ሌላ።

በመጀመሪያ መጥረጊያ መጣ፣ ካዘዝነው አንድ በለጠ። ምንድን ነው ብላት ምርቃት ነዋ አለችኝ። የሚሽኑ የዕቃ መቀበያ ላይ "የታዘዘ"፣ "የመጣ"፣ "የጎደለ"፣ "የተረፈ" የሚል እንጂ "ምርቃት" የሚል ቦታ እንደሌለ አስረዳኋት። ለመጋዘን ሰው መትረፍም መጉደልም ያው ነው፣ ሁለቱም ያስጠይቃል አልኳት። እሷ ደግሞ ጎደለብኝ ብሎ የሚከስ እንጂ ተረፈልኝ ብሎ የሚከስ ሰው አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። የተረፈ ብዬ ጻፍኩት። ዛሬም ቢመጣ እጽፈዋለሁ።

ወረቀቱ የሚደርሰው ለሚስተር ሉካስ ነው። ሉካስ ያኔ የሎጂስቲክስ ኃላፊያችን ነበር፣ ከቀዝቃዛ አገር የመጣ ረጅም ሰው። ጠባዩ ከእኔ ጋር ገጥሟል፣ ሁለታችንም ያልተቆጠረ ነገር እንቅልፍ ይነሳናል። ሐያትን ጠርቶ ሠራተኛ ከሻጭ ምንም እንደማይቀበል፣ ዛሬ መጥረጊያ የሰጠ ነገ ውል እንደሚጠይቅ በጨዋ ደንብ ነገራት። እሷም ለራሷ እንዳልወሰደች፣ መጥረጊያው ያው መጋዘኑን እየጠረገ እንደሆነ መለሰች። ሉካስ ለዚህኛው ይሁን፣ ከእንግዲህ ግን አይደገም ብሎ አለፈው።

እንግዲህ ይህች ልጅ አርፋ መቀመጥ ነበረባት፤ የምታጣው ነገር ነበራትና። ግዢ ክፍል ውስጥ አንድ የረዳት ቦታ ሊከፈት ነው ይባል ነበር፣ ያንን ቦታ ከልቧ ትፈልገዋለች። አባቷ ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥተው በካሚዮን ሾፌርነት ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሥራ አልገባቸው ብሎ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ካልቀጠሩሽ ኮምቦልቻ አጎትሽ ጋ መለዋወጫ ሱቅ ትገቢያለሽ ብለዋታል። እሺ ብላ ቃል ገብታለች። "ጋሽ ታዬ፣ ዕድሜ ልኬን ቡሎን ስቆጥር ልኖር ነው እኮ" ትለኝ ነበር። ለእኔ ገነት ነው እላታለሁ።

ታዲያ ለምን አትተዪውም ብዬ ስጠይቃት፣ መልስ ሳትሰጠኝ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እናቷ ዘንድ ወሰደችኝ። እናቷ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ትንሽ ኪዮስክ አላቸው። እስረኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ዳቦ፣ ሙዝ፣ ሳሙና ይገዛቸዋል። አንዲት ሴትዮ ሙዝ ገዝታ ልትሄድ ስትል እናትየው ጠሯትና አንድ ሙዝ ጨመሩላት። "ይቺን ደግሞ ከእኔ ናት በይው" አሏት። ሴትዮዋ የታሰረውን ሰው ስም እንኳ አልነገረቻቸውም፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ። ስንመለስ ሐያት፣ እናቴ የተባለውን የሰጠሽ ሻጭ ነው፣ የጨመረልሽ ግን አይቶሻል ትላለች አለችኝ። የእኛን ዕቃ የሚወስዱት ሰዎች ሁሉም ነገር ተለክቶ፣ በነፍስ ወከፍ ተካፍሎ ነው የሚደርሳቸው፤ ማንም አይቶ የጨመረላቸው የለም አለች። 

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባል የለ። ክረምት ሊገባ ሲል ለመጠባበቂያ ጀሪካን ገዛን። አሸናፊው ሳሪስ አቦ አካባቢ የፕላስቲክ ዕቃ የሚያከፋፍሉ ሐጂ ይመር የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ፤ ቃላቸው የማይታጠፍ፣ ተቆጪ ሽማግሌ። ውሉ ሲፈረም ያቺ እጅ ልማድ ሆኖባት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታ ቀረች። ሐጂ እንደ ሌሎቹ አልሳቁም፤ አይተዋት ሄዱ። ካሚዮኑ ሲመጣ ቆጥሬ ስጨርስ ገና የሚወርድ አለ። አንድ እስር ሙሉ ጀሪካን! ሐያት ጮቤ ረገጠች፣ እኔ እርሳሴን ከጆሮዬ አወረድኩ።

ሚስተር ሉካስ ይህኛውን አላለፈውም። ትርፉ ዛሬውኑ ይመለስ አለ። ሐያት ምርቃት እንደማይመለስ፣ ቢመለስ ሽማግሌው እንደሚቀየሙ ለማስረዳት ሞከረች፤ ሕጉ ግልጽ ነው አላት። ካሚዮኑ ጀሪካኖቹን ይዞ ሳሪስ ሄደ። ሐጂ አላወርድም አሉ። ካሚዮኑ ቃሊቲ ተመለሰ። ሉካስ አላስገባም አለ። ምስኪን ጀሪካኖች በዚያ የትራፊክ መጨናነቅ ሲመላለሱ ዋሉ። በመጨረሻ ሾፌሩ ሰልችቶት ከግቢያችን በር ውጪ፣ ከጥበቃው ቤት ጎን ደርድሯቸው ሄደ። እኔ አልቆጥራቸው፣ ሐጂ አይወስዷቸው፣ የማንም ሳይሆኑ እዚያው ተቀመጡ። ሐጂ ይመር ከዚህ ቤት ጋር ንግድ በቃኝ ብለው ላኩ። ሉካስ ደግሞ ሐያትን ለረዳትነቱ ቦታ ለመደገፍ እንደሚቸገር በግልጽ ነገራት። የዚያን ዕለት ከሰዓት መጋዘን ውስጥ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። ማባበል አልችልበትም፣ ጎኗ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ የአቃቂ ወንዝ ሞላ። ዳርቻው ላይ የሚኖሩ ቤተሰቦች ቤታቸው ውሃ ገብቶበት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠለሉ። ወረዳው እርዱን አለን። የመጠባበቂያው ጀሪካን ወደ ክፍለ ሀገር ተልኮ አልቋል፤ በራችን ላይ የተደረደሩት ደግሞ የእኛ ስላልሆኑ አይነኩም፣ ቢነኩም አይበቁም። የደወልንላቸው ነጋዴዎች ሁሉ የሚቀጥለው ሳምንት ይላሉ። ሰዎቹ ደግሞ ውሃ የሚይዙበት ዕቃ ሳይኖራቸው ቦቴ መጥቶ ይመለሳል። ጀሪካንና ምንጣፍ በመጋዘኑ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ሐጂ ይመር። ሉካስ ከቢሮው ወጥቶ ሐያት ጠረጴዛ አጠገብ ቆመ። እሷም ተነሳች፣ እኔን በዓይኗ ጠቀሰችኝ፣ ታክሲ ይዘን ሳሪስ ሄድን።

ሐጂ ከሱቃቸው ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰላምታችንን ተቀበሉ፣ ውሃ አስመጡልን፣ ዕቃ ግን የለኝም አሉ። ከጀርባቸው ጀሪካኑ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል።

"ሐጂ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔን ይቆጡኝ" አለች ሐያት።

"አንቺን ምን ብዬ ልቆጣ ልጄ? የሰው ወግ የምታውቂ ልጅ ነሽ። እኔን ያመመኝ ያ ፈረንጅ ነው። ምርቃቴን የመለሰ ሰው ዕቃዬን ምን ያደርግለታል?"

እሷም ትርፉ ከመጀመሪያው ፕሮፎርማው ላይ ቢጻፍ ሕጉም እንደሚፈቅድ፣ እሳቸውም እንደማይነኩ ነገረቻቸው። ብልህ ሐሳብ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩ። ሐጂ ግን ከት ብለው ሳቁ።

"ተጽፎ የሚሰጥ ምርቃት ወላሂ ሰምቼ አላውቅም! ከተጻፈማ ዋጋ ነው። ምርቃት እኮ ንግዱ ካበቃ በኋላ፣ እጄ ሲፈቅድ ነው።"

እንዲህ ተፋጠጥን። ሕጉ አስቀድሞ ያልተጻፈ አይገባም ይላል፤ ወጉ አስቀድሞ የተጻፈ ምርቃት አይደለም ይላል። እኔ በሆዴ አለቀልን፣ ይቺ ልጅም ኮምቦልቻ ገባች አልኩ። ሐያት ግን ቀና አለች።

"ሐጂ፣ ምርቃት የሚሰጠው ለማን ነው?"

"ለገዢው ነዋ።"

"እኛ እኮ ገዢ አይደለንም። እኛ ለገበያ የተላክን ነን። ውሃ የሚቀዱበት እነሱ ናቸው፣ ትምህርት ቤት ነው ያሉት። የተላከ ልጅ ምርቃት ቢመልስ ከልጅ ጋር ይኳረፋሉ? ይምጡና በእጅዎ ይስጧቸው።"

 ሽማግሌው ዞር ብለው ሠራተኞቻቸውን ጫኑ አሉ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እንደ ወትሮው አሰለፍን። እኔ በስም እየጠራሁ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ጀሪካንና ምንጣፍ አደልኩ፣ አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ። ሕጋችን እዚያ ላይ አበቃ። ከግቢው መውጫ ውጪ ደግሞ ሐጂ ይመር ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ቆመዋል። የእኛን ዕቃ ይዞ የሚወጣውን ሁሉ እያስቆሙ፣ በጀሪካኑ እጀታ ላይ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ ያንጠለጥሉለታል። ሽማግሌ ያዩ ጊዜ፣ ልጅ ያዘለች ያዩ ጊዜ ጀሪካንም ይጨምራሉ፤ ጠዋት በእኛ በር ሲያልፉ እነዚያን የከረሙትን ጀሪካኖች አስጭነው ነበር የመጡት። "ይቺ ከእኔ ናት" ይላሉ። ሰው ዕቃውን ከእኛ ተቀብሎ ሲሄድ አንገቱን ደፍቶ ነው፤ ከሐጂ ዘንድ ሲደርስ ይስቃል። አንዲት አሮጊትማ ኩባያዋን ተቀብለው እንደገና እጃቸውን ዘረጉና ሐጂን ይሉኝታ አስያዟቸው።

ሚስተር ሉካስ ይህን ቆሞ ሲያይ ነበር። ሐጂ ጠጋ ብለው አንድ ኩባያ እጁ ላይ አኖሩ። ሰውዬው የጋለ ብረት እንደያዘ ሰው ደርቆ ቀረ። ወዲያ ያየኛል፣ ወዲህ ሐያትን ያያል። ሐያት እየሳቀች የሚወጡትን ሰዎች በአገጯ አመለከተችው። ገባው። ቀጥላ ለምትወጣው ሴትዮ ኩባያውን ሰጣት፣ እሷም ጎንበስ ብላ መረቀችው። ሉካስ ሌላ ኩባያ ሊወስድ ወደ ሐጂ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ዕደላው እስኪያልቅ ከሽማግሌው ጎን አልተለየም። እኔም ወደ ስም ጥሪዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ነጋዴዎችም በዕደላ ቀን እኛም እንምጣ ማለት ጀመሩ። ሉካስ ለረዳትነቱ ቦታ ሐያትን ራሱ ደግፎ ጻፈ። ያዝ እንግዲህ፣ በጀት ተቀነሰና ቦታው ሳይከፈት ቀረ። ዜናውን የነገራት እሱ ነው፤ ከእሷ ይልቅ እሱ ሆድ ብሶት ነበር። ሐያት ለአባቷ የገባችው ቃል ስላለ ሻንጣዋን አዘጋጀች። ውሏ ያለቀው ረቡዕ ዕለት ነው። ኬክ ቆረስን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ቻው ተባባልን።

ሐሙስ ጠዋት መጋዘኑን ስከፍት ሐያት በሩ ላይ ቆማለች። የረሳችው ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሻርፗን ከኋላ ቋጥራ፣ ጣሪያው ከሚያፈስበት ጥግ ያሉትን ብርድ ልብሶች ዛሬ እናነሳቸዋለን አለችኝ። ስንት ጊዜ ሰው ስጡኝ ብዬ የጮኽኩባቸው ብርድ ልብሶች ናቸው። ማንሳት እንደጀመርን ሉካስ ደረሰና ደነገጠ። ውል የሌለው ሰው ግቢ ውስጥ መሥራት አይችልም፣ አደጋ ቢደርስባት ኢንሹራንስ የላትም፣ ትናንት አልቋል አላት።

"አዎ፣ ትናንት አልቋል" አለች ሐያት። "የዛሬው ምርቃት ነው።"

ቃሉን ያውቀዋል፤ ሐጂ ይመር አስተምረውታል። ቆሞ አሰበ። ከዚያ ወደ ጥበቃው ቤት ሄደ፣ የእንግዳ ባጅ አስፈርሞ አመጣና በእጁ አንገቷ ላይ አጠለቀላት። አቡዬ ምስክሬ ናቸው፣ ሕግም ሳይጣስ ወግም ሳይሰበር ሲሄድ እንደዚያን ቀን አይቼ አላውቅም። ሐያት ያን ባጅ እያወዛወዘች፣ ስትዘፍን፣ እኔን ስትተርበኝ ዋለች። ማታ ልትሄድ ስትል ባጁን መለሰችና ያቺን መዳፏን ዘረጋችልኝ። እኔ ታዬ በዕድሜዬ ከታዘዝኩት አስበልጬ ሰጥቼ አላውቅም። ኪሴን ዳሰስኩ፣ ምንም የለም። ከጆሮዬ ላይ እርሳሴን አውርጄ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ያኔ ዘጋችው።

አሁን ኮምቦልቻ ናት። ሱቅ ውስጥ የቆየችው ጥቂት ወር ነው። ሉካስ ወደ አገሩ ከመሄዱ በፊት በጻፈላት ድጋፍ እዚያው ከተማ አንድ ሆስፒታል ግዢ ክፍል ቀጥሯታል። የምትኖረው አጎቷ ቤት ስለሆነ ጋሽ ሰይድም አልተሸነፉም። ስትደውልልኝ የዚያ ሆስፒታል የመጋዘን ኃላፊ እንዴት ችኮ እንደሆነ፣ ከአንሶላው ጋር የመጣውን ትርፍ የትራስ ልብስ አልፈርምም ብሎ እንዳስቸገራት እየሳቀች ትነግረኛለች። ሰውዬውን ታገሺው፣ ጊዜ ስጪው አልኳት።

እኔ ጡረታ ልወጣ ነው። የመጨረሻ ቀኔ የፊታችን ዓርብ ነው። ኬኩ ታዟል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለጥበቃው ግን ከወዲሁ ነግሬዋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ስመጣ የእንግዳ ባጅ አዘጋጅቶ እንዲጠብቀኝ።